የኤውዳልድ ምላስ

ሙንዴታ ማድ ቤት ቆማ ሽንኩርት ስትልጥ ወለሉ ከእግሯ ሥር ድም አለ። እጇ ቢላዋው ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ እንግዳ ሰው ቢሰማው ከላይኛው ክፍል አንድ ዕቃ ወደቀ ብሎ ያልፈዋል። እሷ ግን ተወልዳ ያደገችውም ፀጉሯ የሸበተውም እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ከወለሉ በታች በተፈለፈለው የወይን ዋሻ ጠርሙስ ሲፈነዳ ምን እንደሚመስል ታውቀዋለች።

አንድ ጠርሙስ ቢፈነዳ ማንም አይደነግጥም። በሳን ሳዱርኒ መንደር ካቫ የተባለውን አረፋማ ወይን የሚያዘጋጅ ቤት ሁሉ በየበጋው ጥቂት ጠርሙስ ለዋሻው ይገብራል። ወይኑ መጀመሪያ በጋን ይፈላል። ከዚያ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት በጠርሙስ ይታሸግና ጨለማ ውስጥ ይከመራል። እርሾው ስኳሩን ሲበላ የሚወጣው ጋዝ መሄጃ ያጣና ወይኑ ውስጥ ይታመቃል፤ አረፋው የሚመጣው ከዚያ ነው። ስንጥቅ ያለበት ጠርሙስ ግፊቱን አይችለውም፣ ይሄዳል። ይህ የተለመደ ነው። ሙንዴታን ያስጨነቃት ግን ከጠዋት ጀምሮ ወለሉ ስንት ጊዜ ድም እንዳለ መቁጠሩን መተዋ ነበር።

ሰኔ ነው። ሙቀቱ እንደ ክፉ እንግዳ ገብቶ አልወጣም ብሏል። የዋሻውን በር ሲከፍቱ ፊትን የሚመታው ቀዝቃዛ አየር እንኳ ዘንድሮ ለብ ብሏል። እርሾ ደግሞ ሙቀት ካገኘ እረፍት የሚባል ነገር አያውቅም።

እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ ግቢ ወጣች። ወንድሟ ኤውዳልድ ከበለሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል።

«ሰማህ?» አለችው።

«ምኑን?»

«ከሥር።»

«አንቺ ደግሞ ምንጊዜም ከሥር ነው የምትሰሚው። ከላይ የሚወራውን ብትሰሚ ምናለ?»

«እየበዛ ነው፣ ኤውዳልድ።»

«ያ ጠርሙስ የሸጠልን ሰውዬ ሌባ ነው አላልኩሽም? መስታወቱ ስስ ነው።»

«ግማሹ እኮ ካምና የተረፈ ነው። አምና መቼ ፈነዳ?»

ኤውዳልድ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገው። 

በዚያ አካባቢ ኤውዳልድን የማያውቅ የለም፤ ሰው ስሙን ከማንሳቱ በፊት ምላሱን ያነሳል። አንድ ጉንጭ ወይን ወስዶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወይኑ የበቀለበት መሬት ኖራማ ይሁን ሸክላ፣ ዝናቡ ከለቀማው በፊት ይዝነብ በኋላ ይናገራል። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ግምት ነው፤ ቢስትም ግን ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል? የቤቱ ካቫ ደግሞ ደረቅ ነው፣ ከደረቅም የመጨረሻው ደረቅ። ሌሎች ቤቶች አተላውን አስወጥተው የመጨረሻውን ቡሽ ከመምታታቸው በፊት ትንሽ ጣፋጭ ነገር ጠብ ያደርጉበታል። ኤውዳልድ ጠብታ አያስነካም። «ስኳር የመልከ ጥፉ ኩል ነው» እያለ ይሳለቅባቸዋል።

በዚህ ቤት ወይን የሚቀምሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም አባወራው። መጋቢት ላይ ወይኑ ወደ ጠርሙስ ከመግባቱ በፊት አባወራው ከጋኑ ይቀዳል፣ ይጎነጫል፣ ይተፋል፣ «ደርቋል» ይላል። ደርቋል ማለት ከወይን ፍሬው የመጣውን ጣፋጭ እርሾው ጥርግ አድርጎ በልቶታል ማለት ነው። ያ ቃል ከወጣ በኋላ ስኳሩ በአባታቸው የመዳብ ባልዲ ተለክቶ ይጨመራል፤ ባልዲው በየዓመቱ ያው ነው፣ ልኩም ያው። ጎረቤቶቻቸው በብልቃጥ እየሞሉ ቪላፍራንካ ወዳለው ላቦራቶሪ ይልካሉ። «ሐኪም ቤት የሚላከው በሽተኛ ነው» ይላል ኤውዳልድ። እስቲ እኔም ልቅመስ ማለት ነውር ነው፤ አባወራውን ፊት ለፊት ውሸታም እንደማለት ይቆጠራል። ሙንዴታ ዕድሜዋን ሙሉ ጠርሙስ ስታጥብ፣ ስትከምር፣ ስታገላብጥ ኖራለች። ብርጭቆ ይዛ ጋኑ ፊት ቆማ ግን አታውቅም።

ዘንድሮ የካቲት ላይ ኤውዳልድን ኃይለኛ ጉንፋን ጣለው። ከአልጋው ሲነሳ ሰውነቱ ከስቶ፣ ቁጣው ግን እንዳለ ነበር። አንድ ዓርብ ሙንዴታ ከቀብር ዘግይታ ገባችና በችኮላ የደረቀውን ዓሣ ሳትዘፈዝፈው አብስላ አቀረበች። ያ ዓሣ በጨው ተቀብሮ የሚመጣ ነው፤ ውኃ እየተቀየረለት ካልሰነበተ ውሻም አይቀምሰው። እሷ የመጀመሪያውን ጉርሻ መሐረቧ ውስጥ ተፋችው። ይቅርታ ልትጠይቅ ቀና ስትል ኤውዳልድ ሳህኑን በዳቦ እየጠረገ ነው።

«እጅሽ ይባረክ» አላት። «ዛሬስ ጥሞልሻል።»

ሙንዴታ ክው አለች። የወንድሟን ፊት ለረጅም ጊዜ አየችው፤ የቀልድ ምልክት የለበትም። ሆድ ይፍጀው ብላ ሳህኑን አነሳች።

መጋቢት መጣ። ያ ክረምት ብርዱ አጥንት ሰብሮ የሚገባ ስለነበር ጋኑ ውስጥ ያለው እርሾ ሥራውን ሳይጨርስ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ወይኑ ዝም ብሏል፤ ዝም ያለ ወይን ደግሞ የጨረሰ ይመስላል። ኤውዳልድ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጎነጨ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ተፋ። «ደርቋል» አለ፣ እንደ ሁልጊዜው አፉን ሞልቶ። ሙንዴታ ከቧንቧው ጣቷ ላይ የተንጠባጠበውን ወይን ዘወር ብላ ላሰችው። ጣፋጭ ነበር። የልጅ ምላስ እንኳ የማይስተው ጣፋጭ።

ያኔ መናገር ነበረባት። አፏን ከፈተች፤ ሰዎቹን አየች፣ ወንድሟን አየች፣ መልሳ ዘጋችው። ኤውዳልድን ትወደው ነበር፣ ነገሩ ይኸው ነው። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ያለችው ምላሱ ብቻ ናት፤ እሷንም በሰው ፊት ልትቀብርበት አልቻለችም። የመዳብ ባልዲው ተነሳ፤ ስኳሩም በስኳር ላይ ገባ።

አሁን በበለሱ ሥር ቆማ ሬዲዮውን ራሷ አጠፋችው።

«ኤውዳልድ፣ እኔ አውቃለሁ።»

«ምን?»

«ዓሣው ጨው ነበር። የየካቲቱ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ከበለሱ አንድ ቅጠል ቀንጥሶ በጣቶቹ መካከል ያጣጥፈው ጀመር። እሷ ይጮኽብኛል ብላ ነበር፤ ሳይጮኽ ሲቀር ይበልጥ ፈራች።

«ይመለሳል» አለ በመጨረሻ። «ሐኪሙ ይመለሳል ብሏል።»

«የቱ ሐኪም?»

«አንዱ ሐኪም ነዋ!»

«ሐኪም ቤት ደጃፍ ሳትደርስ? ኧረ ተው፣ እኔን እንኳ አትዋሸኝ።» ቁና ቁና ተነፈሰች። «ወይኑ አልደረቀም ነበር። እዚያ ታች ያለው ክምር በሙሉ ቦምብ ነው። እየገባ የሚወጣው ደግሞ ሜዲር ነው፣ የልጅህ ባል። እኔ እርሻው አረም በላው፣ መድኃኒት ርጭልኝ እያልኩ ሰሞኑን ሳባርረው ከረምኩ። ከዚህ በላይ ምን ሰበብ ልፍጠር?»

«እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«ነገ ጠዋት። ዛሬ የሳን ዮአን በዓል ዋዜማ ነው፣ ሙንዴታ። አንዴ ገበታዬ ላይ እንደ ሰው ልቀመጥ። ነገ ጠዋት ለሁሉም እነግራቸዋለሁ፣ ዋሻውንም ብርድ እስኪመጣ እንዘጋዋለን።» ከዚያ ፊቱን አጠቆረ። «ቁልፉን አምጪ።»

የዋሻው ቁልፍ ከሰሞኑ በሽርጧ ኪስ ውስጥ ነበር። «ለምን?»

«ሉሲያ ሁለቴ ጠየቀችኝ፣ የት ጠፋ ብላ። ቁልፉ ከሚስማሩ ላይ ከጠፋ ነገር አለ ይባላል። መልሼ ልስቀለው። ዛሬ ማንም አይወርድም፣ እኔ እጠብቃለሁ።»

ሰጠችው። ዕድሜ ልክ መታዘዝ መጥፎ አመል ነው፤ እጅ ከልብ ቀድሞ ይዘረጋል። ቁልፉም ማድ ቤት በር አጠገብ፣ በግቢው በኩል፣ ከሁለቱ የሽቦ ጭንብሎች ጎን ሚስማሩ ላይ ተሰቀለ። ጭንብሎቹ ክምሩ መካከል የሚሠራ ሰው ፊቱን ከስባሪ እንዲጠብቅባቸው የተሠሩ ናቸው።

ወደ ማታ ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ሉሲያ ገበታውን ግቢው ውስጥ ዘረጋች። የኤውዳልድ አንድ ልጁ ናት፤ አፈ ፈጣን፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ። ባለፈው መኸር ሜዲርን አግብታ ወደ አባቷ ቤት ይዛው ገባች። ሜዲር ረጅም ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ ሥራም አይፈራም። ጠርሙሶቹን በየቀኑ በቀዳዳ ሳንቃቸው ላይ ትንሽ ትንሽ እያዞረ አተላውን ወደ አንገታቸው የሚያወርደው እሱ ነው። ኤውዳልድ ወንድ ልጅ አልወለደም፤ ሜዲርን ግን እንደወለደው ያየዋል።

ሉሲያ በፍራፍሬና በጥድ ፍሬ ያጌጠውን የበዓል ዳቦ መሐል ላይ አስቀመጠችው። ከመንገዱ ላይ ልጆች ርችት ይወረውራሉ። ጧ! ጧ! ደግሞ ሳቅ፣ ደግሞ ሩጫ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ለበዓሉ እሳት እንጨት እየከመሩ ልጆቹን ይሳደባሉ።

«እነዚህ ርጉማን» አለች ሉሲያ። «ዓመት በዓሉን ጆሮ ሳያደነቁሩ ማክበር አይችሉም?»

«አንቺም እንደነሱ ነበርሽ» አላት ኤውዳልድ። «የቄሱን ድመት ያሳበደው ማን ነው?»

«ድመቱ ድሮም እብድ ነበር፣ አባዬ!»

ሳቁ። ሙንዴታ አልሳቀችም። ዓይኗ ገበታው ላይ ባለው የውኃ ማንቆርቆሪያ ላይ ተተክሏል። ጧ! ሲል ውኃው አይንቀሳቀስም። ጧ! አሁንም እንዳለ ነው። ከዚያ ሌላ ጧ መጣ፣ ትንሽ ደነዝ ያለ፤ ውኃው ከመሐል ወደ ዳር ተንቀጠቀጠ። ወዲያው ሌላ ተከተለው፤ ውኃው ገና ሳይረጋ እንደገና ተንቀጠቀጠ። በዚያ ቀን በሳን ሳዱርኒ ጧ የሚል ነገር ሁሉ ርችት ነው፤ ማንም ቀና ብሎ አላየም።

«ሉሲያ» አለች ሙንዴታ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ባልሽ የት አለ?»

«ወርዷል፣ አክስቴ። አባዬ ሸሚዝ ሊቀይር ሲገባ ለገበታው ካቫ ያምጣ ብዬ ላክሁት። ያንን አሮጌውን፣ ከጥግ ያለውን።»

አሮጌው ካቫ ያለው የዋሻው መጨረሻ ላይ ነው። እዚያ ለመድረስ በዘንድሮው ክምር ጎን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፈው መተላለፊያ ማለፍ ግድ ነው። ሙንዴታ ወደ ሚስማሩ ዞረች። ቁልፉ የለም። ሁለቱም ጭንብሎች ግን እንደተሰቀሉ ናቸው። ሁለት ጠርሙስ ለማምጣት ማን ጭንብል ያደርጋል?

ወንድሟን አየችው። እሱም ሚስማሩን እያየ ነበር።

ኤውዳልድ ሲነሳ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። በዚያ ዕድሜው እንዲያ ሲሮጥ አይታው አታውቅም። የዋሻው በር ተከፍቷል፤ ለብ ያለ፣ የእርሾና የፈሰሰ ወይን ሽታ ያለው አየር ከውስጥ ይተነፍሳል። ከደረጃው በታች፣ ሩቅ፣ የፋኖስ ብርሃን ግድግዳው ላይ ይወዛወዛል።

«ሜዲር!» ብሎ ጮኸ። «ውጣ! አሁኑኑ ውጣ!»

«መጣሁ፣ አባባ!» የሜዲር ድምፅ ከዋሻው ጥግ እየተንከባለለ መጣ። «ሁለት ልጨምር ነው! እዚህ ደግሞ ምን ጉድ ነው፣ ወለሉ ሁሉ ረጥቧል!»

«ጠርሙሱን ተወው! በክምሩ በኩል ቀስ ብለህ፣ ምንም ሳትነካ ውጣ! ወይኑ አልደረቀም ነበር! ሰማኸኝ? አልደረቀም! ምላሴ ሞቷል! ከየካቲት ጀምሮ ጨውና ስኳር አልለይም! ዋሸኋችሁ!»

 ከዚያ ከታች ሳቅ መጣ፣ የሜዲር ሰፊ፣ ሆድ የሚሞላ ሳቅ።

«አባባ፣ ገበታው ሳይቀርብ መጠጡን ጀመሩት እንዴ? ለእኛም ያስተርፉልን እንጂ!»

ከሙንዴታ ኋላ ሉሲያም ሳቀች። እንዴት አትስቅ? አባቷ ፀሐይ ጠፋች ቢል ማመኑ ይቀልላታል። ኤውዳልድ ወደ እህቱ ዞረ።  ያንን ቃል ከአፉ ለማውጣት ስንት ወር ፈጀበት፤ አሁን አውጥቶት ደግሞ የሚያምነው አጣ።

«እውነቱን ነው!» ብላ ጮኸች ሙንዴታ። «ሜዲር፣ እውነቱን ነው! እኔም አውቅ ነበር! መጋቢት ላይ ቀምሼዋለሁ፣ ጣፋጭ ነበር! ለእግዚአብሔር ብለህ ና!»

ሳቁ ቆመ። የሉሲያ እጅ የአክስቷን ክንድ ጨምድዶ ያዘ። ከታች ጠርሙሶች ቀስ ብለው መሬት ላይ ሲቀመጡ ተሰማ። ከዚያ እርምጃ፤ ቀስ ያለ፣ የተጠነቀቀ፣ በረጠበው ወለል ላይ የሚንሸራተት። የፋኖሱ ብርሃን ግድግዳው ላይ ሰፋ። የሜዲር ጥላ ታየ። መተላለፊያው አጋማሽ ላይ ደርሷል።

«ጎበዝ» ይላል ኤውዳልድ በለሆሳስ። «ጎበዝ ልጄ፣ እንደዚያ። ቀስ።»

አንዱ ፈነዳ። ወዲያው አጠገቡ ያለው። ከዚያ በኋላ አንዱን ካንዱ መለየት አልተቻለም። ስባሪው ጎረቤቱን ይመታል፣ ጎረቤቱ ሌላውን ይቀሰቅሳል፤ ክምሩ ከዳር እስከ ዳር ይንጫጫል። ፋኖሱ ጠፋ። ሜዲር አንድ ጊዜ ጮኸ። ከመንገዱ ላይ፣ ልጆቹ ማን ቤት እንደዚያ ያለ ርችት እንዳለ ገርሟቸው አጨበጨቡ።

ኤውዳልድ ጭንብሉን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ጨለማው ውስጥ ገባ። ሉሲያ ልትከተል ስትወናጨፍ ሙንዴታ ወገቧን ጠምጥማ ያዘቻት፤ ልጅቷ ቧጨረቻት፣ ነከሰቻት፤ እሷ ግን አልለቀቀቻትም። ከሥር ፍንዳታው ይቀጥላል። ኋላ እየሳሳ፣ እየተራራቀ ሄደ። አረፋ የደረጃውን ግርጌ ሲሞላ ይሰማል፣ እንደ ዝናብ ይንሾካሾካል።

«አባዬ!» ሉሲያ ጮኸች። «ሜዲር!»

መጀመሪያ የመጣው ማቃሰት ነበር። ከዚያ የሜዲር ድምፅ፣ እንደ ሕፃን ቀጭን ሆኖ።

«አባባ... ፊቴ ላይ ይፈስሳል። ዓይኔን መግለጥ ፈራሁ። ምንድን ነው የሚፈስሰው?»

«ወይን ነው ልጄ። ሁላችንም ርሰናል፣ ወይን ነው። ቆይ፣ እጅህን አንሳ፣ እኔ ልየው።»

 በዚያ ጨለማ ዓይን ምንም አያይም። ሙንዴታ ከላይ ቆማ፣ ወንድሟ አሁን ምን እያደረገ እንደሆነ ሳታየው አወቀችው። ጣቱን ያን ፊት ላይ አሳርፎ ወደ ምላሱ ወስዶታል። ዕድሜውን ሙሉ ያደረገው ይህንኑ ነው። 

«ሙንዴታ!» አለ። ድምፁ ተሰብሯል።

«አቤት!»

«አልለየውም። ነይ ቅመሺልኝ።»

ሙንዴታ አንዱን ጭንብል በራሷ ላይ ደፍታ፣ ሌላውን በብብቷ ይዛ፣ ሉሲያን እዚያው ቁሚ ብላ ወረደች። ስባሪው ከጫማዋ ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ከሩቅ ጥግ አንድ ሌላ ጠርሙስ ፈነዳ። በእጇ እየዳበሰች የወንድሟን ትከሻ አገኘች፣ ከትከሻው ክንዱን፣ ከክንዱ ጣቱን። ጭንብሏን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ጣቱን ከንፈሯ ላይ አሳረፈችው። ሊሰማ የሚፈልገውን ታውቀዋለች። ወይን የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሷም ለወራት በዝምታዋ እንዲያ ያለውን ቃል ስትሰጠው ነው የከረመችው።

«ደም ነው» አለችው። «በእግሩ በኩል ያዘው፣ እናውጣው።»